ከብልጭታው እስከ ድምፁ

አባባን የወሰዷቸው ልክ ስለሆኑ ነው። ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ማንም አይነካቸውም ነበር፤ እንደ ሰው ሁሉ ተሳስተው፣ እንደ ሰው ሁሉ ቤታቸው ቁጭ ብለው በሶአቸውን ይበጠብጡ ነበር። ይኼን ከራሴ አውጥቼ አይደለም የምለው። በሁለት ጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ማንጎዬን ጆንያ ላይ በአራት በአራት እየደረደርኩ ሳለሁ። ሁለት የባጃጅ ልጆች ከኋላዬ ቆመው ያወራሉ። ሌላ ቀን ቢሆን «ብርቱካን ሆነሽ ማንጎ የምትሸጪው ምን ቸግሮሽ ነው?» ሳይሉኝ አያልፉም፤ ስሜ ብርቱካን ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ቀልድ በሀብሩ ወረዳ ያለ አይመስላቸውም። የዚያን ቀን ግን እኔን ከነመኖሬም አላዩኝም።

«ሽማግሌው ተያዘ አሉ።»

«የቱ ሽማግሌ?»

«ደምሴ ዝናቡ ነዋ! ትናንት ሰው ሁሉ ሲሮጥ ‹ተመለሱ፣ ዝናብ ነው› ያለው።»

«እና? ዝናብ አልነበረም እንዴ? እኔ ራሴ እስከ ካልሲዬ በስብሻለሁ።»

«እሱ እኮ ነው የምልህ! ዝናብ መሆኑን በምን አወቀ? ማን ነገረው?»

ያኛው ትንሽ አሰበ። ሲያስብ ያስታውቅበታል፤ ብዙ አልለመደውም። በመጨረሻ «እሱስ ልክ ነህ» አለ።

ደምሴ ዝናቡ የሚሏቸው አያቴን ነው፣ የእናቴን አባት። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። መጀመሪያ የሙከራ ማሳ አራሚ ነበሩ፤ ኋላ ሰዓት የማያሳልፉ፣ ቁጥር የማይስቱ ሰው ናቸው ተብሎ የዝናብ መለኪያውን እንዲያነቡ ተደረጉ። ጡረታ ሲወጡ ሌላው ጋቢ ለብሶ ሲመለስ እሳቸው አርጅቶ የተጣለ፣ አንድ ጎኑ የጎደጎደ መለኪያ ለምነው መጡና ጓሯችን ውስጥ እንጨት ተክለው አቆሙት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያደረው ውኃ በመስታወት ይለካል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። ዓይናቸው ደክሞ ከብርሃን በቀር ማየት ካቆሙ ወዲህ አንባቢዋም ጸሐፊዋም እኔ ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ቁጥሬ ግን እንደ ዶቃ ነው፣ ማንም አያማውም። «ዜሮም ቢሆን ጻፊ» ይሉኛል። «ያልዘነበበትም ቀን ቀን ነው።» በሐምሌ ገበሬው ጤፉን መቼ እንደሚዘራ ሲጨነቅ እኛ ቤት ይመጣል፣ ደብተሩን እገልጥለታለሁ፣ አባባ ጥቂት ያስቡና «ሐሙስን ጠብቅ» ይላሉ፣ እሱም ሐሙስን ይጠብቃል። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አስተምረውኛል። ሰማዩ ብልጭ ሲል መቁጠር መጀመር፣ ድምፁ ሲመጣ ማቆም፣ ቁጥሩን ለሦስት ማካፈል፤ የሚገኘው ኪሎ ሜትሩ ነው። «መብረቅ ሳያበራ አይጮህም» ይላሉ። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ የኛ ሰው ግን ሳያበራ ይጮሃል፣ እላለሁ።

ትናንት የሆነው ይኼ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከሲሪንቃ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ከተማው ቀድሞውንም በአንድ እግሩ ነበር የቆመው። ጦርነቱን ሸሽተው ከቆቦ በኩል የመጡ ተፈናቃዮች ትምህርት ቤቱን ሞልተውታል፤ አንዱ «ዛሬ ይገባሉ» ይላል፣ አንዱ «የለም፣ ተመልሰዋል» ይላል፣ ሁለቱም ስልክ ተደውሎልኝ ነው ይላሉ። ድምፁ ሲመጣ «ከባድ መሣሪያ!» ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ብቻ በአንድ ጊዜ አስፋልቱ ፍራሽ በተሸከመ ሰው፣ በፍየል፣ በሕፃን ሞላ። ወደ ውርጌሳ በሃያ ብር የሚወስደው ባጃጅ ሦስት መቶ ገባ። ጎረቤታችን ወርቅዬ በአንድ ክንዷ ልጇን፣ በሌላው ድስት ከነወጡ ይዛ ትሮጥ ነበር። አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው መሐል አስፋልት ላይ ቆሙ። «ተመለሱ! ዝናብ ነው! ብልጭታውን አይቼ ሠላሳ ቆጥሬያለሁ፤ ሲሪንቃ ላይ ነው ያለው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ነው!» አሉ። ግማሹ ሰማቸው፣ ግማሹ ገፍቷቸው አለፈ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ፤ ሲያባራ ለካሁት፣ ሠላሳ አንድ ሚሊ ሜትር፣ የሐምሌ ዶፍ። ሰው በስብሶ፣ እየሳቀ፣ ፍራሹን እየጨመቀ ተመለሰ። አባባ የተሳሳቱት ያን ጊዜ ነው። ከሳቁት ጋር ሳቁ።

ማንጎዬን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብዬ ወደ ቤት በረርኩ። መለኪያው የለም። እንጨቱ ከነሥሩ ተነቅሎ አጥሩ ሥር ተጋድሟል፣ የቆመበት ጉድጓድ ውኃ አቁሯል። እማዬ ጉድጓዱ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ልክ ሰው የተቀበረበት ይመስል ታየዋለች። ቤት ውስጥ ስገባ የአባባ አልጋ ተገላብጧል፤ ከሥሩ ያለው ሣጥን ባዶ ነው፤ ሁሉንም ደብተር ወስደዋል፣ እኔ የጻፍኳቸውንም እኔ ከመወለዴ በፊት የተጻፉትንም። መደቡ ላይ አጎቴ ደሳለኝ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እሱ የሰፈሩ ጥበቃ አባል ነው። አባቱን ሲወስዱ አብሯቸው ነበር፤ ይኼን የነገረችኝ እማዬ ናት። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ወደ መንገዱ እያየ ጠበቃቸው፤ አልገባም፣ አልሄደምም። እማዬ ገባችና ፍርፍር በሳህን አስቀመጠችለት። እሱ አልበላም። እሷም ብላ አላለችውም። ዝንቡ መጣ፣ ሁለቱም ዝንቡን ሲያዩ ቆዩ። እኛ ቤት ሰው ሲጣላ ሳህን ይሰበራል፣ ጎረቤት ይገላግላል፣ ማታ አብሮ ይበላል፤ እንዲህ ያለ ዝምታ አላውቅም። ቢጯጯሁ ደስ ባለኝ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ ተብሎ ነው?» አልኩት።

«ከጠላት ጋር ይገናኛሉ ተብሎ ነው፤ ይጣራል ነው የተባለው።»

«ምኑ ነው የሚጣራው? አንተም እኮ እጅህን ይዘው መቁጠር አስተምረውሃል! እማዬ ነግራኛለች።»

«ብርቱካን!» አለች እማዬ።

እሱ ወለሉን እያየ ተናገረ። አባባ የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ አሥር ሰዓት ላይ እዚያው ግቢ ውስጥ የሰፈር ስብሰባ አለ። መታወቂያ የያዙ ሦስት ዋሶች ቀርበው «እናውቃቸዋለን» ካሉ አባባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ካልሆነ መኪና መጥቶ ወደ ወልድያ ይወስዳቸዋል። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ለማጣራት ተብሎ ወደ ወልድያ የተወሰደው ጎማ ጠጋኝ እስካሁን የት እንዳለ ሚስቱ አታውቅም። ቤተሰብ ዋስ መሆን አይችልም፤ ጥበቃም አይችልም። «ሦስት ሰው ነው» አለ አጎቴ። «ሦስት ሰው አይጠፋም።» ተነስቶ ወጣ። ፍርፍሩ እንዳለ ነበር።

እኔም ሦስት ሰው አይጠፋም አልኩ። ሞኝ ነኝ እንዴ? መርሳ ውስጥ በአባባ ቃል ያልዘራ ሰው ማን አለ?

መጀመሪያ የሄድኩት ከወንዙ ማዶ ጋሽ ሰይፈዲን ጋ ነው። ማንጎውን የምገዛው ከሳቸው ነው። ጓሯቸው መሐል፣ አንድ እግራቸው በጭቃ፣ ቦይ ይጠርጉ ነበር። አምና ዝናቡ ቀድሞ ሲቆም አባባ ሦስት ቀን ቀደም ብለው ነግረዋቸው ቦዩን ከፍተው ችግኛቸውን አትርፈዋል። ገና ሳልጨርስ «ሰምቻለሁ የኔ ልጅ፣ ሰምቻለሁ» አሉ። አካፋቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ እንደ ደምሴ ያለ ሰው አላውቅም። ያልለካውን አይናገርም።»

«ታዲያ ይኼንኑ አሥር ሰዓት ላይ ቢሉልኝ! ቃል እንኳ አይቀየርም።»

ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸው ጠፋ። ልጃቸው ፍሬ በአይሱዙ ጭኖ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ለመውጫ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ወረቀቱን የሚፈርመው ስብሰባውን የሚመራው የጥበቃው አለቃ ሙላት ነው። «እኔ ለራሴ አልፈራም» አሉ። «ግን ማንጎ አይጠብቅም፤ ሦስት ቀን ካደረ ይበሰብሳል።» ከዛፉ ላይ ስድስት ቆርጠው በነጠላዬ ጫፍ ቋጠሩልኝ። «ለሱ ስጪው። አላህ ያውጣው በይልኝ።» ለአላህ ያሉትን ለሙላት ቢሉልኝ ኖሮ እዚህ መምጣት ባላስፈለገኝ፣ ልል ነበር። ግን አካፋቸውን አንስተው ወደ ቦዩ ተመለሱና ዋጥኩት። እኔም ዝም ማለት ያን ቀን ተማርኩ ማለት ነው።

ሁለተኛው መምህር ይታገሱ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ብርሃን ከድምፅ እንደሚፈጥን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣለ እሱ ነው። እኔ «ቲቸር፣ ይኼንን አያቴ ያውቁታል» ብዬ ተነስቼ በቆጠርኩ ቀን አባባን ክፍል ድረስ ጠርቶ አስጨብጭቦላቸዋል። ከምክንያት ውጭ ምንም አትቀበሉ፣ እናታችሁ ብትነግራችሁ እንኳ ለምን በሉ፣ ይለን ነበር። (ለእናቴ ለምን ብዬ ቀምሼዋለሁ።) ቤቱ ስደርስ ቴሌቪዥኑን ጣሪያ እስኪነቃነቅ ከፍቶታል። አስገባኝና በሩን ዘጋ፤ ከዚያ መስኮቱን ዘጋ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ጨመረው። በጆሮዬ ነው ያናገረኝ።

«ብርቱካን፣ እኔና አንቺ እውነቱን እናውቃለን። አይደል?»

«እናውቃለን።»

«እሱ ነው ዋናው። ማወቃችን።»

«ቲቸር፣ እኛ ስላወቅን ከመጋዘን አይወጡማ!»

ስልኩን አወጣና አሳየኝ። ፌስቡኩ ላይ የጻፈው ሁሉ ጠፍቷል፤ የቀረው የልጁ ልደት ፎቶና አንድ የአበባ ሥዕል ነው። ባለፈው ወር «ወሬ ከማስተላለፋችን በፊት እናጣራ» ብሎ ጽፎ ነበር። ያችን ብቻ። ሁለት መቶ ሰው ሰደበው፤ አንዱ የቤቱን ቁጥር ጻፈበት። ልኩ መቶ አምስት ሆኖ ሳለ «መቶ ሦስት» ብሎ የጻፈበትን ሰው ስሕተት ሲነግረኝ ፈገግ ሊል ሞከረ። «ያው እንኳን ተሳሳተ» አለ። ከዚያ «ጊዜው አይደለም» አለ፤ «ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ይወራል።» እኔም «ቲቸር፣ ጊዜውን ማን ይነግረናል?» አልኩት። ስወጣ አንድ ደብተር ሰጠኝ፣ አዲስ፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል። ለምን እንደሰጠኝ እሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም።

ስመለስ ወርቅዬ ቦኖው ጋ ጄሪካኗን ተራ አስይዛ አገኘኋት። ስታየኝ ፊቷን አዞረች። እኔ ደግሞ ፊቱን ያዞረ ሰው አልወድም፤ ዞሬ ፊቷ ሄድኩ። ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምንሽ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ትናንት ማታ እዚሁ ቦኖው ላይ። ‹አቤት እኚህ ሰውዬ! ዝናቡን ማን ነገራቸው?› አልኩ። ለማድነቅ ነው ብርትዬ፣ ይኼ ልጄ ይሙት! እኔማ ወጤን አፍስሼ ልጄን ይዤ የተመለስኩት በሳቸው ቃል አይደል? ከኔ ቀጥላ የቆመችው ‹እውነት ማን ነገራቸው?› አለች። ከዚያ ወዲያ ያለችው ደግሞ...» እጇን ወደ መንገዱ አወናጨፈች። ወሬው በዚያ በኩል ነው የሄደው።

ልቆጣት ፈልጌ አቃተኝ። ማድነቅ ጥፋት ሆኖ ሲመለስባት የምትሆነውን አጥታ ነው። «ሴት ዋስ ይቀበላሉ?» አለችኝ። መታወቂያ ካለሽ ምን ቸገራቸው አልኩ። «እመጣለሁ» አለች። ብዙም አላመንኳትም። ግን ሌላ ማን ነበረኝ?

አሥር ሰዓት ላይ የቀበሌው ግቢ ሞልቶ ነበር። በትምህርት ቤቱ ያሉት የተፈናቃይ ልጆች አጥሩ ላይ ወጥተው ተደርድረዋል። ሰማዩ ወደ ሲሪንቃ በኩል ጠቁሯል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። አባባን ከመጋዘኑ አውጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ኮፍያቸው የለም። ራሳቸው ላይ ነጭ ፀጉር ይሄን ያህል እንዳለ አላውቅም ነበር። አጎቴ ደሳለኝ ከኋላቸው ከሌሎቹ ጥበቃዎች ጋር ቆሟል፤ ጫማውን ያያል። ጠረጴዛው ላይ ደብተሮቻችን በሲባጎ ታስረው ተከምረዋል፤ መለኪያው ደግሞ ጎኑ እንደ ጎደጎደ ልክ የተማረከ መሣሪያ ይመስል አጠገባቸው ተቀምጧል። ሙላት ተነሳ። ሙላት ክፉ ሰው አይደለም፤ ይኼን መናገር አለብኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ሰርተፍኬቴን በነፃ ያባዛልኝ እሱ ነው። ወንድሙ ከዘመተ ሁለት ወሩ ነው፣ ስልክ የለም፤ እኅቱ ከቆቦ በእግሯ መጥታ እሱ ቤት ናት። ከዚያ ወዲህ ፊቱ እንደታጠበ ጨርቅ ሆኗል። ድሮ አባባን ሲያገኝ ኮፍያውን አውልቆ «እንደምን ዋሉ» ይል ነበር።

«አንተ» አላቸው። ግቢው ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ትንሽ ነቅነቅ አሉ፤ ነፋስ የነካው ማሽላ ይመስል። «ትናንት ድምፁ ሲሰማ ከባድ መሣሪያ እንዳልሆነ በምን አወቅህ?»

«ቆጠርኩ ልጄ» አሉ አባባ።

«ምን ቆጠርክ?»

«ከብልጭታው እስከ ድምፁ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሙላት አንዱን ደብተር ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ሐምሌ ሃያ። ሲሪንቃ። ሠላሳ። ተቃረበ።» ቀና አለ። «ማነው የተቃረበው?»

«ዝናቡ።»

«ይኼን የጻፈ ማነው?»

የኔ ጽሑፍ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የዕድር ስም ዝርዝር የምጽፈው እኔ ነኝ። እማዬ ክንዴን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ገባ። አባባ ወደ እኛ ሳያዩ «እኔ ነኝ» አሉ። የራሳቸውን ጣት የማያዩ ሰውዬ! አጎቴ ቀና አለ፤ ከዚያ መልሶ ጫማውን አየ። አባባ ቀጠሉ፦ «ልጆቼ፣ እንደ ድሮው አውጫጭኝ አስቀምጡኝ። ያየ ‹አየሁ› ይበል። የሰማም ከማን እንደሰማ እየተነሳ ይናገር። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ። ያኔ የወሬው ራስ ይገኛል።» ወርቅዬን በዓይኔ ፈለግኳት። መጥታለች። ከጥግ፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ፣ መታወቂያዋን በእጇ ጨብጣ ተቀምጣለች።

«ያ የድሮ ነው» አለ ሙላት። «አሁን ጊዜ የለንም። ዋስ የሚሆን እጁን ያውጣ።»

ጋሽ ሰይፈዲን መጥተው ነበር፤ መቁጠሪያቸውን ማየት ጀመሩ። መምህር ይታገሱ በሩ ጋ ቆሞ ስልኩን አወጣ። ግቢው ሙሉ ሰው፣ ሁሉም እጁ ኪሱ ውስጥ። የወርቅዬ እጅ ከጉልበቷ ትንሽ ተነሳ፣ እንደ ፈራች ወፍ፣ እዚያው ቀረ። ሙላት «እንግዲህ የለም ማለት ነው» ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ።

ያን ጊዜ ሰማዩ ብልጭ አለ። እኔ አየሁት፤ ሌላው መሬት መሬት ያይ ነበር። ሳላስበው ከንፈሬ መቁጠር ጀመረ። ሃያ አንድ ላይ መጣ፤ ረጅም፣ የሚንከባለል፣ ቆርቆሮውን የሚያንዘረዝር ድምፅ። ሰው በአንድ ጊዜ ቆመ። አንዷ ልጇን ነጠቀች። የተፈናቀሉት ልጆች ከአጥሩ ላይ ረገፉ። ከዚያ መቼም የማይረሳኝ ነገር ሆነ፤ ከበሩ ፊት፣ ለመሮጥ እንዳኮበኮቡ፣ ሁሉም ዞረው አባባን አዩ። ሁሉም! «አባ ደምሴ፣ ንገሩን እንጂ!» ብላ የጮኸችው ወርቅዬ ናት። ሙላት ራሱ እስክሪብቶው እጁ ላይ እንዳለ ጎንበስ አለ። «አንቱ...» አላቸው፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ምንድነው?»

አባባ ወደ ሰማዩ አዩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ እሳቸውም ቆጥረዋል፤ ሃያ አንድ እንዳሉ አውቃለሁ። ከዚያ አፋቸውን ዘጉ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉ።

በሕይወቴ አባባ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ለኔ ነበር። ይኼኛው ግን አቃጠለኝ። የእማዬን ጥፍር ከክንዴ ነቅዬ ወደ ፊት ወጣሁ።

«መብረቅ ነው! ሃያ አንድ ቆጥሬያለሁ! ሰባት ኪሎ ሜትር ነው!»

«አንቺን ደግሞ ማን ነገረሽ?» አለ ሙላት።

«ማንም! ቆጠርኩ! ደብተሩንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የኔ ጽሑፍ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ! አሁንም ይበራል፤ ዓይናችሁን ወደዚያ አድርጉና ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ጣት የላችሁም?»

መሬት ውጪኝ ያልኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ግን ሰው ካልጠፋ ነገር ሰማይ አዘነልኝ፤ ወዲያው ብልጭ አለ፣ አሁን ግልጥ አድርጎ፣ ሁሉም እያየ። «አንድ» አልኩ ጮክ ብዬ። ብቻዬን ነበርኩ። «ሁለት። ሦስት።» የተፈናቃዮቹ ልጆች ጨዋታ መሰላቸውና ገቡበት። «አራት! አምስት!» ወርቅዬ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች፤ «ስድስት» አለች። «ሰባት፣ ስምንት» ሲባል ጋሽ ሰይፈዲን በመቁጠሪያቸው ይቆጥሩ ነበር። መምህር ይታገሱ እንኳ፣ ስልኩን እያየ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አሥራ አምስት ላይ ግው አለ። ከጥበቃዎቹ መሐል አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ትምህርት ቤት ጥያቄ እንደሚመልስ ልጅ፣ «አምስት ኪሎ ሜትር» አለ። አጎቴ ደሳለኝ ነው። ሁሉም ሲያየው ፊቱ ቀላ። አባባ ዞር አላሉም። ግን የጀርባቸው አቋም ተለወጠ፤ የኛ ቤት ልጅ ያልሆነ አያስተውለውም።

ሦስተኛው ዘጠኝ ላይ መጣ፣ ከሱ ቀጥሎ ዝናቡ። ፍርድ ተሰጠ ማለት ይከብደኛል። ማንም «ነፃ ናቸው» አላለም፣ ማንም «ተሳስተናል» አላለም። ሰው ሁሉ ከዝናቡ ሮጠ፣ በቃ፤ ስብሰባው ፈሰሰ። ሙላት ደብተሮቹን በጃኬቱ ሸፍኖ ጎንበስ ብሎ ሲሮጥ አየሁት፤ እንዳይርሱ ነው፣ ያንንም መናገር አለብኝ። መኪናው ጎርፍ ይዞት ይሁን ተረስቶ አልመጣም። ወርቅዬ ዝናቡ መሐል ቆማ «እጄን ላወጣ ነበር እኮ! አይተሻል አይደል ብርትዬ?» ትለኛለች። አይቻለሁ አልኳት። እኔና እማዬ አባባን በሁለት ወገን ይዘን፣ ጋሽ ሰይፈዲን የሰጡኝን ማንጎ በነጠላዬ እንደቋጠርኩ፣ ማንም ሳይከለክለን፣ ማንም ሳይሸኘን ወደ ቤት ሄድን።

ጠዋት ስነሳ እንጨቱ ቆሟል። ጠማማ ሆኖ፣ ሥሩ በድንጋይ ተጠቅጥቆ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተመልሶ ቆሟል። ማን እንዳቆመው የተናገረ የለም። አጎቴ ደሳለኝ መደቡ ላይ ተቀምጦ ሻይ በዳቦ ይበላል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። እማዬ ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳችለት። መለኪያው ግን አልተመለሰም፣ ደብተሮቹም አልተመለሱም። ለምርመራ ወልድያ ሄዱ ተባለ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወልድያም ራሷ ተያዘችና ሄደች። በመለኪያው ቦታ ማታውኑ ባዶ የኒዶ ወተት ጣሳ ጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጬ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን አባባን እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው፤ ማስመሪያዬን ጣሳው ውስጥ አቆምኩ፣ ጎንበስ ብዬ አነበብኩና ነገርኳቸው። ከዚያ መምህር ይታገሱ የሰጠኝን ደብተር ገለጥኩ።

አባባ የደብተሩን መገለጥ በድምፁ አወቁት። ወደ አጥሩ ዞሩ፤ ከአጥሩ ወዲያ ሰው ያልፋል። እጃቸውን ገጹ ላይ ጫኑ።

«አትጻፊው ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «በልብሽ ያዢው። እኔም በልቤ እይዘዋለሁ።»

ደብተሩን ዘጋሁላቸው። እሳቸው እስኪገቡ ጠበቅሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ መርሳ፣ ሃያ ሰባት ሚሊ ሜትር። ይኸው ጻፍኩት።